የቅርጫ እንግሊዝኛ

የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ ስል አላፍርም ነበር። ፈረንጅ ሲናገር ሰምቼ እንደማላውቅ ያስታወስኩት በ1967 ዓ.ም. በልግ፣ ከደሴ ደብዳቤ ሲመጣ ነው። አንድ የእርዳታ ፈረንጅ ከሦስት ሳምንት በኋላ እናንተ ዘንድ መካነ ሰላም ይደርሳል፣ ስለ ረሃቡ ጠይቆ ስለ እርዳታው እህል ይነግራችኋል፣ አስተርጓሚ አዘጋጁ ይላል። የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ እኔን መረጡኝ።

አንብብ ቢሉኝ አነባለሁ፤ ጆሮዬ ግን ድንጋይ ነው። ጭንቄን ጽፌ ብልክ፣ ከደሴ በጭነት መኪና አንድ ሣጥን መጣልኝ። በእጅ የሚጠመዘዝ የሸክላ ማጫወቻ፣ ስድስት የእንግሊዝኛ ትምህርት ሸክላዎችና አንድ ወፍራም የንባብ መጽሐፍ ነበረበት።

ሣጥኑ ላይ «እርዳታ» የሚል ተጽፎበታል። የአዲሱ ኮሚቴ ሊቀመንበር አቶ ስማቸው፣ እርዳታ ለአንድ ሰው መስጠት በንጉሡ ጊዜ ቀረ አሉ። ስለዚህ እንደ ቅርጫ በሬ ይከፈል ተባለ። ቅጠል ተነጥፎ ሃያ መደብ ወጣ፤ መጽሐፉም ተገነጣጠለ። ሰዉ ጠጠሩን፣ ጭራሮውን፣ የኮት ቁልፉን ለዕጣ ሰጠ። የማጫወቻው ማዞሪያ ለቄስ መለሰ፣ መርፌው ለነጋዴው ለጀብሪል፣ አንዱ ሸክላ ለእትዬ ሀጀራ ደረሰ። ለእኔ የደረሰኝ የመጽሐፉ የጥያቄ ገጽ ብቻ ነው፤ መልሱ ሌላ ሰው መደብ ውስጥ ገብቷል። ብናደድም ዕጣ አይመለስም።

ድርሻውን የሚያውስ አልተገኘም። ሁሉም ድርሻውን ይዞ እኔ ዘንድ ይመጣና ትምህርቱ እስኪያልቅ አጠገቡ ይቀመጣል። ቀብር የሌለበት ቀን ስላልነበር የምንማረው ከቀብር መልስ ነው። ሸክላው ላይ ያሉት ሰዎች ደግሞ ከመብላት ሌላ ሥራ የላቸውም። አንድ ቀን አንዱ ሾርባው ቀዝቅዟል ብሎ ሲመልስ ተረጎምኩላቸው። ቄስ መለሰ ማዞሪያውን አቆሙ።

«ወዴት ነው የሚመልሰው?» አሉ።

እትዬ ሀጀራ ግን ቀጥሉ አሉ። የልጅ ልጃቸው በረሃብ ከተኛ ሰንብቷል፤ ፈረንጁ ሲመጣ አንዲት ቃል እንዳታመልጣቸው ይፈልጋሉ። እየደጋገሙ ይጠይቁኛል፤ ከተማሪዎቼ ሁሉ ጎበዝ እሳቸው ሆኑ።

ፈረንጁ በቀጠሮው መጣ። ሰዉ ሁሉ ወጥቶ አፍ አፌን ያየኛል። ስንት ሰው ሞተ ሲለኝ ገባኝ፣ መለስኩለት። ስንት ታመመ ሲለኝም ገባኝ። በራሴ ኮራሁ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። በመጨረሻ ቀስ ብሎ፣ ጥርት አድርጎ፣ ከክረምት በፊት እህል አይመጣም አለ። አንዲት ቃል አላመለጠችኝም። ክረምቱ ሊገባ ገና ሁለት ወር አለ።

«ምን አለ?» አሉ አቶ ስማቸው።

«አልሰማሁትም» አልኩ።

ይህን ሁሉ ቀን ምን ስትማር ከረምክ ብለው ተቆጡኝ። ወዲያው ወደ እትዬ ሀጀራ ዞሩ።

«እርስዎስ፣ አብረውት ያዳመጡት?»

እትዬ ሀጀራ ፊቴን አዩ። ዓይናቸው ውስጥ ሁሉም ቃል እንደገባቸው አነበብኩ።

«እኔም አልሰማሁትም» አሉ። «ይድገመው።»

ፈረንጁ ደገመው። እኛም ደግመን አልሰማንም።