የአንዳርጌ ለቅሶ

ወለተጻድቅ መጽሐፉን ጥርቅም አድርጋ ዘጋችና ሽንኩርት ጆንያው ላይ ወረወረችው። ፊቷ የቆመው ደንበኛ ዘንቢሉን እንደዘረጋ ደንግጦ ቀረ።

«ግማሽ ኪሎ ነበር እማማ...»

«ዛሬ አልሸጥም! ሰው ሞቶ ሽንኩርት ይመዘናል እንዴ?»

ሰውዬው «ነፍስ ይማር» ብሎ ወደ ሌላ ጉሊት አለፈ። ከጎኗ ድንች የምትሸጠው ዋጋነሽ ግን እንዲህ በቀላሉ የምትለቅ ሴት አይደለችም። በርጩማዋን ጎትታ ተጠጋች።

«አንቺ፣ ማን ሞተ?»

«አንዳርጌ።»

«ውይ በሞትኩት! የአጠና ተራው አንዳርጌ?»

«የመጽሐፉ ነዋ! ገደለው። ያ ወንድይፍራው የሚሉት ሰው ገደለው። በአንድ መስመር!»

ዋጋነሽ ማንበብ አትችልም። አንዳርጌን ግን ከገዛ ወንድሟ ባልተናነሰ ታውቀዋለች። ኮልፌ ገበያ በቀዘቀዘ ቁጥር ወለተጻድቅ ጮክ ብላ ስታነብላት ስንት ክረምት አሳልፈዋል። ስለዚህ እሷም እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«የጉም በር» የሚባለው ታሪክ ዘንድሮ፣ በ1976፣ ስምንተኛ መጽሐፉ ላይ ደርሷል። የመጀመሪያው ሲወጣ ንጉሡ ገና ዙፋናቸው ላይ ነበሩ። ታሪኩ ዘንዶ ጉም እየተፋ ስላጨለመው አገርና የአገሩን በር ስለሚጠብቀው ጢሙ የሸበተ ዘብ፣ ስለ አንዳርጌ ነው። የጻፈውም የሩቅ ሰው አይደለም፤ እዚያው ሰፈር አማርኛ የሚያስተምረው አቶ ወንድይፍራው ነው። የወለተጻድቅን አንድ ልጅ፣ አምሐን፣ ዘጠነኛ ክፍል ያስተማረውም እሱ ነበር።

የመጀመሪያዎቹን አራት መጽሐፎች የገዛው አምሐ ነው። እናቱ ያን ጊዜ ፊደል አትለይም፤ ከራት በኋላ እሱ ያነባል፣ እሷ ጥጥ እየፈተለች ታዳምጣለች፣ ዘንዶው ሲመጣ ደግሞ እንዝርቷን ጥላ «ተው፣ ዝለለው!» ትለዋለች። አራተኛውን ግማሽ ላይ አድርሶ የአውቶቡስ ቲኬት ሰክቶበት ነበር። በ1970 የካቲት ላይ መጥተው ከቤት ወሰዱት። ሃያ አንድ ዓመቱ ነበር።

ሬሳውን አልሰጧትም። ለቅሶ እንዳትቀመጥ ግን ሰው ልከው ነገሯት። የተላከው አየለ የሚባል የቀበሌ ጥበቃ ነው፤ ጠመንጃውን በሯ ላይ አስደግፎ፣ ዓይኗን ሳያይ፣ «እማማ፣ ድምፅ እንዳይሰማ። ነጠላ ማዘቅዘቅም አይቻልም» አላት። እሷም ድምፅ አላሰማችም። ዓይኗ ቀልቶ ሲያዩዋት «ሽንኩርቱ ነው» ትላለች፤ ሰዉም አውቆ «አዎ፣ ሽንኩርት ክፉ ነው» ይላታል። እንዲህ እያለ ስድስት ዓመት ሞላ።

መሠረተ ትምህርት ሲታወጅ ከሰፈሩ ሴቶች ቀድማ የተመዘገበችው እሷ ናት። ሌላው ሰው ሰርተፊኬቱን ፈልጎ ይሆናል። ወለተጻድቅ የፈለገችው ቲኬቱ ከተሰካበት ገጽ በኋላ አንዳርጌ ምን እንደ ደረሰበት ማወቅ ነው። በጣቷ እየተከተለች፣ ላብ እያጠመቃት፣ ከዚያው ገጽ ጀምራ አነበበች። አምስተኛውን፣ ስድስተኛውንና ሰባተኛውን ራሷ ገዝታ ጨረሰች። አንዳርጌ ስንቴ ተከበበ፣ ስንቴ ቆሰለ፣ አልሞተም። እሱ በቆመ ቁጥር እሷም ቆማ ትውላለች።

አሁን ግን ይኸው፣ ገጽ ሁለት መቶ አሥራ አራት።

«እስቲ መስመሩን አንብቢልኝ» አለች ዋጋነሽ።

«‹አንዳርጌም በዚያ ቀን ከወደቁት መካከል ነበር።› አለቀ! ቅጠሉን ስትገልጪው የመኸር በዓል ነው። ጭፈራ! ጠላ!»

«ማን ቀበረው ይላል?»

«አይልም እኮ ነው የምልሽ!»

ዕለቱ ቅዳሜ ነው፤ ከሰዓት በኋላ በቀበሌው ንባብ ቤት በአዲሱ መጽሐፍ ላይ ውይይት ተጠርቶ ነበር። ደራሲውም ይገኛል ተብሏል። ዋጋነሽ አንገቷን እየነቀነቀች፣ «ተይ፣ ይቅርብሽ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» አለቻት።

«ስድስት ዓመት ዘግቼው ምን አተረፍኩ?» አለች ወለተጻድቅ፤ ሚዛኗን ጠቅልላ ተነሣች።

ንባብ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሰብሳቢው ያው አየለ ነው፤ ጠመንጃውን ካወረደ ቆይቷል፣ አሁን ጓድ ሊቀመንበር ነው። መጽሐፉን ከፍ አድርጎ አሳየና መድረኩን ለመጀመሪያው ተናጋሪ ሰጠ። ተናጋሪው ስምንተኛው መጽሐፍ ከግለሰብ ጀግና ወጥቶ ወደ ሰፊው ሕዝብ መሸጋገሩን፣ የመኸሩም በዓል ይህንኑ በጉልህ እንደሚያሳይ ሩብ ሰዓት ሙሉ አስረዳ። ተጨበጨበ። አቶ ወንድይፍራው በጭብጨባው መሐል መሬት መሬቱን ያይ ነበር። ይህን ጊዜ ወለተጻድቅ ሳይፈቀድላት ተነሣች።

«እኔ የማታ ትምህርት ፊደል ነው ያለኝ፤ ረጅም ነገር አልናገርም» አለች። እንዲህ ብሎ የጀመረ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው ብዙ ተናገረች። «አቶ ወንድይፍራው፣ በሦስተኛው መጽሐፍ ዳማ ፈረሱ ሲሞት ስንት አለቀሱለት? ገጽ ተኩል! በስድስተኛው ረሱና ያንኑ የሞተ ፈረስ መልሰው አስጋለቡት። ሰው ነው፣ ይረሳል ብዬ ዝም አልኩ። በሰባተኛው ወንዙ ሽቅብ ፈሰሰ፤ እሱንም ዋጥኩት። አሁን ግን ምን አደረጉ? ለፈረሱ ገጽ ተኩል ያለቀሱ ሰው ለጌታው አንድ መስመር? ስምንት መጽሐፍ ሙሉ በር ሲጠብቅ የኖረ ሰው፣ እናት አልወለደችውም? ጎረቤት የለውም? ያ አገር እድር እንኳ የለውም?»

ከኋላ የሳቁ ነበሩ። ሳቃቸው ግን ወዲያው ሞተ። ድምፅዋ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር።

«ሰው እንዲህ አይሞትም። ይህ መጽሐፍ አይደለም፣ ግፍ ነው!»

ወንድይፍራው ቀስ ብሎ ቀና አለ። «እትዬ ወለተጻድቅ፣ ለቅሶ ነበረው። ስምንት ገጽ።»

«የታለ?»

መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ይጠርግ ጀመር። «ከእኔ እጅ ሲወጣ ነበረው። ታትሞ ሲመጣ የለም።»

አየለ ጠረጴዛውን በእርሳስ መታ። «ወደ ሌላ አስተያየት እንለፍ።»

ምን እንደ ሆነ ያልገባው ሰው አልነበረም። ወለተጻድቅም ገብቷታል፤ ንዴቷ ግን ባሰባት እንጂ አልበረደላትም።

«ቆርጠው ሲወስዱብዎ እርስዎ ዝም አሉ?»

«ዝም አልኩ» አለ ወንድይፍራው።

ልትጮህበት አፏን ከፈተች። ከዚያ ነገሩ ወደ ራሷ ዞረባት። ዝም ያለ ሰውማ ይኸው እሷም ቆማለች። ስለ ዘንዶው፣ ስለ ፈረሱ፣ ስለ ወንዙ ስትቆጣ የኖረች ሴት ለገዛ ልጇ አንድ ቀን ድምፅ አላሰማችም። አፈረች፤ እፍረቱም ከንዴቱ ባሰ አቃጠላት።

«እማማ፣ በቃዎት፣ ይቀመጡ» አለ አየለ።

«እቀመጣለሁ!» አለች። «ነገ ከቅዳሴ መልስ ግቢዬ ውስጥ ለአንዳርጌ ለቅሶ እቀመጥለታለሁ። ቤቴ አይጠፋህም፣ ታውቀዋለህ።»

በማግስቱ ማለዳ የእድሩን ጡሩንባ ነፊ ቡልቻን ቀሰቀሰችው። ቡልቻ ጭንቅላቱን አከከ። ደንቡን በቃሉ ያውቀዋል፤ ለመጽሐፍ ሰው ጡሩንባ ይነፋ የሚል አንቀጽ የለውም። ትንሽ አሰበና፣ «ጡሩንባውን አልችልም። ስለ አግዳሚ ወንበር ግን ደንቡ ምንም አይልም» አለ፤ አሥሩን አግዳሚ በራሱ ትከሻ ተመላልሶ አመጣላት። ዋጋነሽ ስንዴና ሽምብራ ንፍሮ ቀቀለች።

ወለተጻድቅ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ነጠላዋን አላዘቀዘቀችም፤ እጇ አልታዘዝ አላት። ሰው አይመጣም ብላ ፈርታ ነበር። መጀመሪያ ሁለት አሮጊቶች መጡ። ቀጥሎ የአጠና ተራ ነጋዴዎች ገቡ። ከዚያ ከአየር ጤና ድረስ በእግሩ የመጣ የአምሐ የጥንት የክፍል ጓደኛ፣ ከዚያ ሰፈሩ በሙሉ። አቶ ወንድይፍራው ጥቁር ኮቱን ለብሶ መጥቶ ከጎኗ ተቀመጠ። የአምሐን ስም የጠራ አንድም ሰው የለም። ስለ አንዳርጌ ግን እንደ ለቅሶ ቤት ወግ ተራ በተራ ይነገራል።

«ጨዋ ነበር» አለ አንዱ።

«እናቱን አክባሪ!» አለች ሌላዋ።

«ባለቤቴ የታመሙ ጊዜ እስከ ሐኪም ቤት ተሸክሞ ያደረሳቸው እሱ ነው» አሉ አንዲት ሴትዮ።

«ጣራዬ ሲያፈስ ወጥቶ የመታልኝስ ማን ሆነና!» አሉ አንድ ሽማግሌ እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ። የመጽሐፍ ሰው ኮልፌ መጥቶ ጣራ እንዴት እንደ መታ የጠየቃቸው የለም።

አምስት ሰዓት ገደማ አየለ ሁለት ጥበቃ አስከትሎ ገባ። ደብተር ይዟል። የጥንቱ ቦታ ላይ፣ በሩ ሥር፣ ቆመና ጠየቀ።

«ይህን ስብሰባ ማን ፈቀደው?»

«ለቅሶ ነው።»

«የማን?»

«የአንዳርጌ። ትናንት ራስህ ሰብሳቢ ሆነህ ሞቱን ስታስጨበጭብለት አልነበረም?»

«እማማ፣ በመንግሥት ላይ አይቀልዱ።»

«ቀልድ አይደለም!» ብላ ስምንተኛውን መጽሐፍ ከጉያዋ አውጥታ ሰጠችው። «ይኸው። ተመርምሮ ያለፈ ነው። ሞቱን ፈቅዳችኋል። ለቅሶው የተከለከለበትን ገጽ አሳየኝና አሁኑኑ ወንበሩን አነሣለሁ።»

አየለ መጽሐፉን ተቀብሎ ገልበጥ ገልበጥ አደረገው። እንዲበተኑ ቢያዝ ምን ብሎ ሪፖርት ያደርጋል? በተፈቀደ መጽሐፍ የሞተ ሰው ተለቀሰለት ብሎ? ዝም ብሎ እንዳይሄድ ደግሞ ሁለቱ ጥበቃዎች ያዩታል። መጨረሻ ላይ ደብተሩን ከፈተ።

«ለማንኛውም መመዝገብ አለበት» አለ። «የሟች ስም?»

«አንዳርጌ።»

«የሞተበት ቀን?»

«መጽሐፉ ‹በዚያ ቀን› ነው የሚለው።»

«ዕድሜ?»

ወለተጻድቅ ወንድይፍራውን አየችው፣ ሰዉን አየች፣ በሩን አየች።

«ሃያ አንድ» አለች።

ንፍሮ ስታዞር የነበረችው ዋጋነሽ ባለችበት ቆመች። አየለ ከደብተሩ ቀና አለ። ሃያ አንድ ዓመት የሞላው ማን እንደ ነበር ከዚህ ግቢ ሰው ሁሉ ይልቅ እሱ ያውቃል። ፊቱ አመድ መሰለ። ወደ ደራሲው ዞሮ፣ ዝግ ባለ ድምፅ፣

«ጢሙ የሸበተ አይደለም እንዴ?» አለው።

አቶ ወንድይፍራው ተነሣ። ባርኔጣውን አውልቆ በሁለት እጁ ያዘ። ትናንት መነጽሩን ሲጠርግ የነበረው ሰው ዛሬ አልተንተባተበም።

«እሱ የእኔ ስሕተት ነው። አንባቢዬ አርማኛለች» አለ። «ሃያ አንድ ዓመቱ ነበር። እኔ ነኝ ያስተማርኩት።»

አየለ ጎንበስ ብሎ ጻፈ። ወለተጻድቅ ፊደል ትለያለችና ከጎኑ ሆና እጁን ተከትላ አነበበች፤ ሃያ አንድ ብሎ ነው የጻፈው። ደብተሩን አጥፎ ጥበቃዎቹን አስከትሎ ወጣ።

ያን ጊዜ ነጠላዋን አዘቀዘቀች። ተነሥታ ደረቷን መታች፣ ድምፅዋንም ለቀቀችው፤ አጠና ተራ ድረስ ተሰማ። ስም አልጠራችም። «ልጄን!» ብቻ ነው ያለችው።