የግሪሳ ማባረሪያ

ሂሻም ግራ ዓይኑን ያጣው ሰኞ ዕለት፣ ሰኞ ገበያ መሀል፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። ድንጋዩን የወረወረችው ቢልቂስ ናት። ይህን ከአላህና ከራሷ በቀር አፍ አውጥታ የምትመሰክር ነገር ብትኖር ጥፍር የምታህል አንዲት ሚሞሪ ካርድ ነበረች።

ሁለቱ ደሴ ውስጥ አሥራ አንደኛ ክፍል በአንድ ዴስክ የሚማሩ ልጆች ናቸው። ሂሻም ደጋን ከምትባል አገር የመጣ የገበሬ ልጅ ነው፤ ልጅነቱን የፈጀው ማማ ላይ ወጥቶ ከአባቱ ማሽላ ላይ ግሪሳ በወንጭፍ ሲያባርር ነው። ግሪሳን እንደ ተራ ወፍ የሚያይ ማሽላ ዘርቶ አያውቅም። ካረፈ የአንድ ቤተሰብ የዓመት ቀለብ ይዞ ይነሣል። እናም ልጁ ለትምህርት ሲመጣ ሐሳቡ አንድ ነበር፤ ወንጭፉን የሚተካ ማሽን መሥራት። ቢልቂስ ደግሞ የእናቷን ራዲዮ ፈታ ስትገጥም ሦስት ብሎን የሚተርፋት፣ ራዲዮው ግን ከበፊቱ አጥርቶ የሚያወራላት ዓይነት ልጅ ናት። ሲገናኙ ሌላውን ዓለም ረሱት። ዘጠኝ ወር ሙሉ ከጀሪካን ፕላስቲክና ከፒያሳ ሱቆች ከለቀሙት ሞተር ካሜራ ያለው ድሮን ሠሩ። እሷ ብየዳ አስተማረችው፤ እሱ በወንጭፍም በእጅም ዒላማ መምታት አስተማራት።

ስሕተቱ የሷ ነበር። የድሮኑ ድምፅ ለግሪሳ ያንሳል ብላ ከየክንፉ ሥር ቀጭን ፕላስቲክ አሰረችበት። ሲበር ከሰማይ የሚያጉረመርም ትልቅ ነገር መሰለ።

«በዛ» አላት ሂሻም። «ወፍ እኮ ነው የምናባርረው።»

«ይብዛ። ያልሰማ አይሸሽም» አለችው።

ቦምብ ከድሮን በሚወርድበት በዚያ ሰሞን የወሎ ሰው እንዲህ ያለ ድምፅ ከሰማይ ሲሰማ ምን እንደሚሆን ሁለቱም ያውቁ ነበር። ማሽን ሲሠሩ ግን የሚያውቁትን ሁሉ ይረሱታል።

ሰኞ ረፋድ ከትምህርት ቤቱ ሜዳ አስነሡት። የጦሳ ተራራ ነፋስ ከእጃቸው ነጥቆ ወደ ገበያው ይዞት ነጎደ። ሂሻም ሪሞቱን እንደያዘ ሮጠ፤ ቢልቂስ ተከተለችው። ሲደርሱ ገበያው ተገለባብጧል። እናቶች ልጆቻቸው ላይ ተደፍተዋል፣ በርበሬ በጆንያ ተዘርግፏል፣ አንድ ሽማግሌ ጋሪ ሥር ገብተው ሸሀዳ ይላሉ። ድሮኑ አንድ ጨርቅ ሻጭ ቆርቆሮ ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሎ ይንጣጣል፤ ካሜራው ቁልቁል ያያል። ምንም ሳይፈነዳ ሲቀር ፍርሃቱ ወደ ንዴት ዞረ፤ ንዴቱ ደግሞ የሚያርፍበት ሰው ፈለገ። ሂሻም ደግሞ ሪሞት ይዞ መሀላቸው ቆሟል።

«ጠቋሚው ይሄ ነው» አለ አንዱ።

የመጀመሪያው ዱላ ትከሻው ላይ አረፈ። ሁለተኛው ሪሞቱን ከነጣቱ ሰበረው። «የግሪሳ ነው፤ ወላሂ የግሪሳ ነው» ይላል ሂሻም፤ ማን ሊሰማው። ሚዛን የያዘ በሚዛኑ፣ ጫማ ያደረገ በጫማው መታው። ጥርሱ ሲሰበር ቢልቂስ ድምፁን ሰማች። ግርግር ለሌባ ይመቻል ይባላል፤ ለፈሪ ግን ከሌባም ይብስ ይመቻል። ቤቱ ዶሮ ማረድ የሚጨንቀው ሁሉ ያን ቀን እርግጫ ሞከረ። አብዛኞቹ ጥሩ ሰዎች ናቸው፤ የሚያናድደውም ይሄ ነው።

ከዚያ አንዱ የቢልቂስን ክንድ ጨበጠ። «ይቺም አብራው ስትሮጥ ነበር።» ዩኒፎርሟን አየ፣ የሂሻምን አየ። አንድ ነው።

«አላውቀውም» አለች።

«ካላወቅሽው ምቺው።» ድንጋይ እጇ ላይ አስቀመጠ።

ልትስተው ነበር። ለራሷ እንዲህ ብላ ሺህ ጊዜ ነግራለች። ድንጋዩ ዓይኑ ላይ ሲያርፍ ልጁ መጮኹን አቆመ፤ ደሙ በጣቶቹ መሀል ወረደ። ሰውዬው ክንዷን ለቀቀና «ጎበዝ» ብሎ ጀርባዋን መታ መታ አደረጋት። ፖሊስ ወደ ሰማይ ተኩሶ ሰዉን ሲበትን እሷ ቆርቆሮው ላይ ተንጠላጥላ የድሮኑን ካርድ ነቀለችና ወደ ቤቷ ሮጠች።

ሆስፒታል ስትጠይቀው ሂሻም በተሰፋ ከንፈሩ «ካሜራው ይቀርጽ ነበር» አላት። «ካርዱን ፈልጊልኝ። ዓይኔን ማን እንዳጠፋው ልወቅ።»

«እሺ» አለችው። ማታ ቤቷ ገብታ ስለ ድንጋዩም ስለ ካርዱም ለእናቷ ለሳሊሃ ነገረቻት።

«ምድጃ ውስጥ ጣይው፣ ልጄ» አለች ሳሊሃ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ይገሉሻል።»

የሂሻም ዘመዶች መሣሪያ ይዘው ከደጋን ወጡ። ሌላ ደም ሳይፈስ የአገሩ አስታራቂ ሽማግሌ፣ አባጋሩ ሸህ ዘይኑልአቢዲን፣ አውጫጭ ጠሩ፤ ጥፋተኛው እስኪወጣ የገበያው ሰው በሙሉ ተሰብስቦ የሚቀመጥበት፣ ያየ ሁሉ በመሐላ የሚናገርበት ሸንጎ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ሁሉም «ምንም አላየሁም» ብሎ ማለ። ሁለት ሺህ ዓይን በሞላበት ገበያ አንድ ዓይን ሲጠፋ ያየ ዓይን ጠፋ።

በሦስተኛው ቀን ዘካሪያ የሚባል ስም ወጣ። ዘካሪያ ከሩቅ አገር የመጣ ጫኝና አውራጅ ነው፤ ያን ቀን አንዴ ረግጧል፣ ድንጋይ ግን አልያዘም። ዘመድ የለውም፤ ዘመድ የሌለው ሰው ለእንዲህ ያለው ነገር ይመቻል። አንዱ «ሳይሆን አይቀርም» አለ፣ ሁለተኛው «እሱ ነው» አለ፣ ሦስተኛው ማለ። የሂሻም አጎት ተስፈንጥሮ ዘካሪያን አንቆ መሬት ላይ ጣለው። ጉልበቱን ደረቱ ላይ ተክሎ ጩቤውን መዘዘ።

«ዓይን በዓይን» አለ።

«እኔ ነኝ» አለች ቢልቂስ ከሴቶቹ መሀል ተነሥታ።

ማንም አላመናትም። አጎትየው ቀና ብሎ አይቷት ወደ ዘካሪያ ዓይን ተመለሰ። እሷም ካርዱን ሰክታ ሦስቱንም ቀን ይዛ ስትመላለስ የሰነበተችውን ላፕቶፕ ከቦርሳዋ አውጥታ ሸህ ዘይኑልአቢዲን ፊት ከፈተችው።

ሰዉ ተጠጋጋ። ከቆርቆሮው ጠርዝ የተቀረጸ ነውና ሁሉም ይታያል፤ ዱላው፣ ሚዛኑ፣ ጫማው፣ የእያንዳንዱ ፊት። በቁርአን «አላየሁም» ብሎ የማለው ራሱን አየ። ወንዶቹ አንድ በአንድ ፊታቸውን በኩታቸው ሸፈኑ። ከዚያ «አላውቀውም» የሚል የሴት ልጅ ድምፅ ተሰማ፣ ድንጋይ እጇ ላይ ሲቀመጥም ታየ፤ አጎትየው ዘካሪያን ለቆ ጩቤውን እንደያዘ ወደ ቢልቂስ መጣ።

ሸህ ዘይኑልአቢዲን በትራቸውን በሁለቱ መሀል ጣሉ። የአባጋር በትር አይታለፍም፣ ከወዲያ ማዶው ያለም አይነካምና ሰውዬው ቆመ።

«ይበቃል። ዝጊው፣ ልጄ» አሏት።

«አይዘጋ፣ አባባ። እርስዎ ይፍቀዱልኝ» አለ ሂሻም። ያን ቀን ከሆስፒታል ወጥቶ ነበርና ፋሻውን እንዳሰረ ከአባቱ ጎን ተነሥቶ አጠገቧ ተቀመጠ፣ ደህናውን ዓይኑን ለስክሪኑ አስጠግቶ። ድንጋዩ ከእጇ ሲወጣ አየ።

«መልሺው» አላት።

መለሰችው። ደግሞ አየ።

«እንዳስተማርኩሽ ነው የወረወርሽው» አለ ቀስ ብሎ። «ክርንሽን ከፍ አድርገሽ፣ ዓይንሽን ከዒላማው ሳትነቅዪ።»

ቢልቂስ «ልስትህ ነበር» ልትል አፏን ከፈተች። ስክሪኑ ላይ ያለችው ልጅ ግን ዓይኗን አልነቀለችም። ቢልቂስ የሚጠብቃትን በትር ተሻግራ አጎትየው ጩቤውን እንደያዘ ወደቆመበት ሄደችና እግሩ ሥር ተቀመጠች።