የብርዝና የለስላሳ ውርርድ

የሽዋስን «ብርዝ ትወዳለህ» ያለ ሰው ከእሱ ጋር ይጣላል። እሱ ብርዝ የሚጠጣው ለጉሮሮው ነው። ጠዋት ከእርሻ በፊት አንድ ዋንጫ ለጉሮሮው፣ ቀትር ላይ አንድ ለጉሮሮው፤ ማታ ደግሞ ቀኑን ሙሉ በሬ ሲቆጣ የዋለ ጉሮሮ ነውና አንድ ይጨመርለታል። በቡሬ ዙሪያ እንደ እሱ ጉሮሮውን የሚያመው፣ እንደ እሱም ተራራ ማዶ የሚሰማ ድምፅ ያለው ገበሬ አልነበረም። ሚስቱ ቻይነሽ ይኸን ሁሉ እያወቀች ማሩን በውሃ በርዛ ታቀርብለታለች፤ በሽተኛ አይጨቀጨቅም።

ከቀፎዎቹ ለብርዝ ከሚሆነው የተረፈውን ማር ለልጁ ለያይኔአበባ ይልክላታል። ያይኔአበባ ፍኖተ ሰላም አንዲት ክፍል ተከራይታ ዘጠነኛ ክፍል ትማራለች። ከጎጡ ሴት ልጆች እዚህ የደረሰች እሷ ብቻ ናት። አባቷ በዚህ በጣም ይኮራል፤ ለራሷ ግን አንድም ቀን ነግሯት አያውቅም።

ጥምቀት ሲቃረብ ልጁን ለበዓሉ ሊወስዳት ፍኖተ ሰላም ወርዶ ሳለ እታለም ሻይ ቤት ጎራ አለ። እታለም ዳቦ በማር አቀረበችለት። አንድ ጊዜ ቆርሶ እንደቀመሰ ማላመጡን አቆመ። ሰው ልጁን ከሩቅ በአረማመዷ እንደሚለይ ሁሉ፣ እሱም የቀፎውን ማር ይለያል።

«እታለም፣ ይኸን ማር ከየት አገኘሽው?»

«ከአንዲት ተማሪ» አለች እታለም፣ ምንም ሳትጠረጥር። «ማር ታመጣልኛለች፣ ለስላሳ እሰጣታለሁ። ከረሜላ የመሰለች ልጅ ናት።»

የሽዋስ ልጁን ይዞ እስኪመለስ ቁጣውን ዋጠው። ቤት ሲደርሱ ግን የጎረቤት ውሻ እስኪጮህ ድረስ ተቆጣ። ንብ ስንት አበባ ዞራ የሠራችውን ማር ቀለም በነከሩት ውሃ መለወጥ ምን የሚሉት እብደት ነው አለ። ያይኔአበባ አንገቷን ደፍታ ሰማችው።

«አባባ፣ ካልጠጣሁ ራሴን ያመኛል» አለች በመጨረሻ። «መምህሩ የሚናገረው አይገባኝም። ቆርኪው ሲከፈት ስሰማ ነው ነፍሴ መለስ የምትል። ልተወው ብዬ ነበር፤ አልሆነልኝም።»

«በይ፣ ይኸ ሱስ ነው» አለ የሽዋስ። «እኔ ደግሞ ሱሰኛ አላስተምርም። እዚሁ ትቀመጫለሽ። ባል እንደሆነ አይጠፋም።»

ቻይነሽ ከባሏ ጋር መከራከር ትርፍ እንደሌለው ከሠርጓ ማግሥት ጀምሮ ታውቃለች። ስለዚህ አልተከራከረችም፤ የንስሐ አባታቸውን መምሬ ክንዱን አስጠራች። መምሬ ክንዱ ሲመጡ የሽዋስ ዋንጫውን እንደያዘ ክሱን በዝርዝር አሰማቸው።

«ጣፋጭ ነገር ሱስ ይሆናል ነው የምትለኝ?» አሉት።

«ይሆናል እንጂ አባቴ። በተለይ በዚህ ዕድሜ። ልጅ ገና ልቡ ስላልጸና ቶሎ ይይዘዋል።»

«በእጅህ ያለውስ?»

«ይኸ ለጉሮሮዬ ነው።»

ቻይነሽ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። መምሬ ክንዱም ጢማቸውን ዳበሱና ፈረዱ። ዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ ጣፋጭ የተባለ ነገር በአባትም በልጅም ጉሮሮ አይወርድም። እሷ እዚያው ለስላሳው ደጅ፣ እሱ እዚሁ ማሩ ደጅ ይቀመጣሉ። እሷ ቀድማ ከወደቀች ትምህርቷን ትተዋለች። እሱ ቀድሞ ከወደቀ እስክትጨርስ ያስተምራታል፤ ስለ ሱስም ዳግመኛ አፉን አይከፍትም።

የሽዋስ ከት ብሎ ሳቀ። «ግዝትም ይጨመርበት» አለ።

«ለብርዝ ብዬ ግዝት አላባክንም» አሉ መምሬ ክንዱ። «ቃላችሁ ይበቃል።»

ሳቁ እስከ ማግሥቱ ቀትር ቆየ። ከዚያ በኋላ ራሱን ያመው ጀመር። በሬዎቹ አካሄዳቸው አስጠላው፤ የገዛ ጥላው ሳይቀር መንገድ የዘጋበት መሰለው። በገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ላይ ካድሬው ስለ አምራቾች ኅብረት ሥራ ጥቅም ሲያስረዳ የሽዋስ ግንባሩን ሊያሽ እጁን አነሣ። አስተያየት ያለው መስሏቸው ዕድል ሰጡት። ተነሥቶ «ጠምቶኛል» አለና ተቀመጠ። በቃለ ጉባኤው ላይ የመስኖ ጥያቄ ተብሎ ተመዘገበ።

ጓዳው በር ላይ መቆም አበዛ። «ማሩ ጉንዳን እንዳይገባበት ልየው» ይላል። «ጉንዳኑን እኔ አየዋለሁ» ትላለች ቻይነሽ። እጁን ወደ ማሩ ጋን ሰድዶ የመለሰበት ቀን አለ፤ እሷም አይታዋለች። ግን አልጠጣም። ኋላ የተወራበት ሐሜት እንዳለ ሆኖ ይኸ ይመስከርለት።

ጾሙ ሊገባ ሲል አውቶቡስ ተሳፍሮ ፍኖተ ሰላም ሄደ። እሱ በዚህ ዕድሜው እንዲህ ከሆነ ያቺ አንድ ፍሬ ልጅ መውደቋ አይቀርም ብሎ አስቧል። እውነቱ ይነገር ከተባለ እንድትወድቅ ይፈልግ ነበር። እሷ ከወደቀች ማታውኑ ብርዙን ይጠጣል። ይኸ ሐሳብ በመንገድ ላይ ሲመጣበት አፈረ፤ ማፈሩ ግን ጥማቱን አላስታገሠለትም።

እታለም ሻይ ቤት ገብቶ ልጁ ብትመጣ የሚያይበትን ጥግ ያዘ። ሻይ ቤት ገብቶ ዝም ብሎ መቀመጥ ነውር ነው። ውሃ ቢጠይቅ ይበቃው ነበር፤ ዓይኑ ግን ግድግዳው ሥር በተደረደሩት ጠርሙሶች ላይ አረፈ። እስቲ ልጄን የነጠቀኝን ጠላት ልወቀው አለ በልቡ። ጠላቱን ሳያውቅ የሚፈርድ ዳኛ የለም። እታለም ከፈተችለት። የመጀመሪያው ጉንጭ ወደ አፍንጫው ወጥቶ ዓይኑን በእንባ ሞላው፤ ከዚያ ለስንት ቀን ግንባሩን ጨምድዶ የያዘው ነገር ላላ። አንዱን ጠርሙስ ጨረሰ። በአንድ ምስክር ብቻ መፍረድ አይገባም ብሎ ሁለተኛውን አዘዘ።

እሱንም ሊጨርስ ሲል ያይኔአበባ ደብተሯን እንዳቀፈች ፊቱ ቆመች።

የሽዋስ ጠርሙሶቹን በጋቢው ሊሸፍን ሞከረ። አንዱ ተንከባሎ እግሯ ሥር ደረሰ። አንሥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችውና አጠገቡ ተቀመጠች።

«ለጉ...» ብሎ ጀመረና ተወው።

«አባባ፣ አይፈሩ» አለችው። «ቀድሜ የወደቅሁ እኔ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ከሒሳብ ፈተና ስወጣ ግማሽ ጠርሙስ ጠጣሁ። ግማሹን ደፋሁት። ለማንም አልተናገርኩም፤ ዝም ልል ነበር። እርስዎ የተሸነፉ መስሎዎት ሲያፍሩ ሳይዎ ግን አልቻልኩም።»

የሽዋስ ጠርሙሱን ከፊቱ ገፋ አደረገው። ዝም ብትለው ኖሮ አሸንፋ ትምህርቷን ትቀጥል ነበር። እሱ በእሷ ቦታ ቢሆን እንደማይናገር ያውቃል። ልጁን ሁልጊዜም ይወዳታል፤ ያን ዕለት ግን አከበራት።

«ፈተናውስ?» አላት።

«አልፌያለሁ።»

«ጎበዝ» አለ። ይኸን ቃል ሲነግራት የመጀመሪያው ነበር። እሷም ከእሱ ሰምታው ስለማታውቅ ወዴት እንደምታይ ጠፋት።

ማታውኑ ልጁን ይዞ ቤቱ ገባ። በማግሥቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መምሬ ክንዱ መጡ። ሦስቱንም ፊታቸው አስቀምጠው «እህ፣ ማን ተሸነፈ?» አሉ። ያይኔአበባ ልትናገር አፏን ከፈተች። አባቷ ቀደማት።

«እኔ ነኝ፣ አባቴ። ገና በመጀመሪያው ሳምንት። እናቷ ወንዝ ስትወርድ ጠብቄ ጓዳ ገባሁና ጠጣሁ።»

መምሬ ክንዱ ወደ ቻይነሽ ዞሩ። «ጓዳው የአንቺ ነው። እውነቱን ነው?»

ቻይነሽ ባሏን አየችው። እነዚያን ቀኖች ሁሉ እጁ ወደ ጋኑ ሲሄድና ሲመለስ ያየች እሷ ናት። ጠብታ እንዳልቀመሰ ከእሷ የተሻለ የሚያውቅ የለም፤ ይኸንንም ለእህቶቿ እየዞረች ልታወራለት አስባ ነበር። ቀጥላ ልጇን አየች። የልጅቱ ዓይን እንባ አቅርሯል።

«እውነቱን ነው» አለች ቻይነሽ። «ዋንጫውን ያጠብኩት እኔ ነኝ።»

መምሬ ክንዱ ሦስቱን ተራ በተራ ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ መስቀላቸውን አውጥተው አሳለሟቸው፤ ልጅቱ ሰኞ በጠዋት ወደ ትምህርቷ እንድትመለስ አዘዙ። የሽዋስ እስኪሸኛቸው ድረስ ቀና ብሎ ሚስቱን ማየት አልቻለም።