የጉሎው ገጽ

ሠዓሊው ቢሮዬ ሲገባ ገና ከበሩ ፊቴን ቅጭም አደረግሁበት። ይህን ሰውዬ ጨለምተኛው ነው የምለው፤ በሌለበትም በፊቱም። አሳታሚው አዲስ መጽሐፍ ባቀረበልን ቁጥር ተከትሎ ይመጣና አንድ የሚያስፈራ ነገር ሳያገኝ አይመለስም።

እኔ ለቤተ መጻሕፍቱ የሕፃናት ክፍል መጽሐፍ እመርጣለሁ። የሥዕል መጽሐፍ በሉት፣ ስለ እንስሳት፣ ስለ ዕፅዋት፣ ስለ ሰው አካል የሚያስተምር በሉት፣ በእኔ እጅ ሳያልፍ መደርደሪያ ላይ የሚወጣ የለም። ሥራዬን እወዳለሁ። ስለምወደውም ሰው ጣልቃ ሲገባብኝ ደሜ ይፈላል፤ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ያውቀዋል።

በዚህ ሰሞን ያጨቃጨቀን ስለ ዘርና ፍሬ የሚያስተምር መጽሐፍ ነው። ቆንጆ መጽሐፍ ነው፤ የባቄላው አበቃቀል፣ የጥጡ፣ የሱፉ፣ ሁሉም እጅን በአፍ ያስጭናል። ያልተዋጠልኝ አንድ ገጽ ብቻ ነበር፣ የጉሎው። አንዲት ልጅ ከአጥር ሥር የጉሎ ፍሬ ትለቅማለች፣ በድንጋይ ታደቃለች፣ በማንኪያ ትቀምሳለች። የመጨረሻው ሥዕል ላይ ሆዷን ይዛ ታስመልሳለች፤ ዓይኗ ፈጧል፣ አፏ ዙሪያ ደግሞ እዚህ የማልናገረው ነገር አለ።

«ይህን ለአምስት ዓመት ሕፃን ልታሳይ ነው?» አልኩት ያን ጊዜ። «ልጆቹን በቁማቸው ልታቃዣቸው ነው እንዴ?»

«መርዝ ነው እኮ» አለኝ።

«መርዝ መሆኑን ጽሑፉ ይናገራል። አንተ ሥዕሉን አለስልሰው።»

አሳታሚው መሸጥ ይፈልጋል፤ እኔ ደግሞ ካልተስተካከለ አንገዛም ብያለሁ። ጨለምተኛው እየተነጫነጨ እንደገና ሣለው። በአዲሱ ሥዕል ልጅቷ አልጋዋ ላይ ጋደም ብላለች፣ ብርድ ልብሷን እስከ አገጯ ስባለች፣ ዓይኗን ከድናለች። ከንፈሯ ላይ ትንሽ ፈገግታ አለ፤ ፈገግታውንም ያስጨመርኩት እኔው ነኝ። ከሥሩ ያለው ጽሑፍ አልተነካም፦ የጉሎ ፍሬ መርዝ ነው፣ የቀመሰ ሰው በጠና ይታመማል፣ ሊሞትም ይችላል።

ያሸነፍኩ መስሎኝ አዲሱን ናሙና ትናንት ወደ ቤት ይዤው ሄድኩ። ልማዴ ነው፤ ልጄ ያላገላበጠችውን መጽሐፍ አላጸድቅም። ገና ማንበብ አልጀመረችም። አንድ ቦታ አርፋ መቀመጥ ስለማታውቅ ቁንጫ ነው የምንላት። ትናንት ግን አጠገቧ ቁጭ ብዬ ላነብላት አልቻልኩም። ታናሽ ወንድሟ ጥርስ እያወጣ ነው፤ ሰሞኑን ቤቱን በለቅሶ አንድ አድርጎታል። ጡሩንባ የሚለውን ስም ያወጣችለት ራሷ ናት። መጽሐፉን እጇ ላይ ጣል አደረግሁላትና ወንድሟን አቅፌ ስንጎራደድ አመሸሁ።

እና ጨለምተኛው ዛሬ ቢሮዬ መጣ። ሳያስፈቅድ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፣ የራሱን ቅጂ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋ፣ ጽሑፉን በነጭ ወረቀት ሸፈነው።

«በይ አንብቢልኝ» አለ።

«ምኑን ላንብብልህ? ሸፍነኸዋል እኮ።»

«ማንበብ የማይችል ልጅ የሚያነበውን።»

«እሺ ጌታዬ። እየተኮላተፍኩ ይሁን ወይስ እንዲሁ?» አልኩት። አልሳቀም። እኔም ቶሎ ልገላገለው ብዬ በጣቴ እየተከተልኩ ጀመርኩ። «ልጅቷ ፍሬ ለቀመች። አደቀቀች። በማንኪያ ቀመሰች። ከዚያ...»

ጣቴ ፈገግታው ላይ ቆመ።

«ከዚያስ?» አለኝ።

«ተኛች።»

«ምን ዓይነት እንቅልፍ?»

ወረቀቱን ከጽሑፉ ላይ አነሳሁት። እሱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቀጠለ። «ስሥለው ለእኔም አልታየኝም። ትናንት የጎረቤቴ ልጅ ናት ያስረዳችኝ። የእንቅልፍ መድኃኒት አሠራር ነው አለችኝ። ይህ ገጽ እንዲህ ሆኖ አይታተምም፤ የፈለግሽውን በዪ።»

እኔ ግን እሱን መስማት ትቼ ነበር። ጠዋት ከቤት ስወጣ ቁንጫ ቀሚሴን ይዛ፣ «እማዬ፣ ዛሬ ጡሩንባን የማስተኛው እኔ ነኝ» ብላኛለች። እኔም በእንቅልፍ እጦት ዓይኔ ቀልቶ፣ «እሰይ የእኔ ልጅ፣ ገላገልሽኝ» ብዬ ጉንጯን ስሜ ነው የወጣሁት። ከቤታችን ጀርባ፣ አጥሩ ጥግ ላይ ደግሞ ማንም ያልተከለው ጉሎ አለ። በየዓመቱ እንቁረጠው እንላለን፣ በየዓመቱ ይረሳል።

ልጆቹን የምትጠብቅልኝ የባለቤቴ ታላቅ እህት ናት፤ እትዬ ነው የምንላት። ደወልኩ። ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም። ደግሜ ደወልኩ። ጨለምተኛው ምን ሆንሽ ሲለኝ ቦርሳዬን እንኳ ሳልይዝ ወጣሁ። ታክሲው ውስጥ ሹፌሩን ምን እንዳልኩት አላውቅም፤ ብቻ አንዴ ዞር ብሎ አየኝና ነዳው።

ግቢው በር ላይ ስደርስ ጭጭ ብሏል። ቤታችን ጭጭ ብሎ አያውቅም። እትዬ ልብስ እያሰጣች ነው፣ መቆንጠጫ በጥርሷ ይዛ።

«ምነው፣ በሰላም ነው? ሥራ የለም እንዴ?» አለችኝ።

«እትዬ፣ ልጁስ?»

«ዛሬማ ጉድ ነው፣ እንዴት ያለ እንቅልፍ ተኝቶልሻል መሰለሽ! እህቱ ናት ያስተኛችው፣ ትባረክ።»

እንዴት እንደገባሁ እግሬ ይወቀው። ልጄ አልጋው ላይ ነው፤ ብርድ ልብሱ እስከ አገጩ ድረስ ተስቦለታል። ወለሉ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ የዝንጉርጉር ፍሬ ቅርፊት፣ ማንኪያ። ከንፈሩ ጥግ ላይ ነጣ ያለ ነገር ደርቋል። መንጭቄ አነሳሁት።

ጮኸ። ሰፈር እስኪሰማ ጮኸ። በሕይወቴ እንደዚያ የጣፈጠኝ ለቅሶ የለም።

ቁንጫ ከመጋረጃው ኋላ ብቅ አለች፣ ተቆጥታለች። «አነቃሽው! ስንት ደክሜ ያስተኛሁትን።»

«ምን አበላሽው?»

«አልበላም አለኝ እኮ። ተፋው። ከዚያ ዝም ብዬ እሹሩሩ ስለው ተኛ።»

አፉን በጣቴ ከፍቼ አየሁ፣ ጠረግሁት፣ ደግሜ አየሁ። ምንም የለም። እዚያው ወለሉ ላይ ዘጭ ብዬ ሳቅሁ፤ እንባዬም ይወርዳል። እትዬ በሩ ላይ ቆማ አብዳለች እንዴ በሚል ዓይን ታየኛለች። እኔ ደግሞ ድንጋዩን እያየሁ ነው። ቅርፊቱ ብዙ ነው፣ የደቀቀው ግን የለም።

«የቀረውስ የት ሄደ?» አልኳት።

«በልቼዋለሁ።»

«ለምን?» 

«አንቺ ስታበዪው አስቀድመሽ ትቀምሺ የለ? እንዲበላ ብዬ ነው። ደጋግሜ አሳየሁት፣ እሱ ግን እንቢ አለ።» ፊቷን አጨማደደች። «ሲበሉት አይጥምም።»

ሆስፒታል ስንደርስ ለሐኪሟ ከቤት አንስቼ የያዝኩትን መጽሐፍና ቅርፊት አሳየኋት። ገጹን አንድ ጊዜ አይታ ወደ ጎን አደረገችው። «ፍሬውን እንዳለ ነው የዋጠችው፣ ወይስ ደቆ?»

«ደቆ።»

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። እንዳለ ቢዋጥ ይሻል እንደነበር ነገረችኝ፤ ሲደቅ ነው መርዙ የሚወጣው። «አሁን እኮ ደህና ናት» አልኳት፣ ለመለመን ያህል። «አሁን ደህና ትመስላለች» አለችኝ። «መጀመሪያ ላይ እንዲህ ነው፤ ሲቆይ ነው የሚነሳው።» መርዙን የሚመጥ ጥቁር ነገር አጠጧት፣ ክንዷ ላይ መርፌ ተከሉ፣ ከዚያ መጠበቅ ብቻ ነው አሉኝ። ጡሩንባንም መረመሩት፤ ምንም አልዋጠም ብለው ለእትዬ ሰጧት፣ ኮሪደሩ ላይ ለቅሶው ይሰማኛል።

ቁንጫ አልጋው ላይ መቀመጥ ሰለቻት። መጽሐፉን ወደ ደረቷ ሳበችና፣ «እሺ አሁን አንብቢልኝ፣ ትናንት እንቢ ብለሽኛል» አለችኝ። ገጹን ራሷ ገለጠችው። እኔም አነበብኩላት፤ መርዝ ነው የሚለውንም፣ ሊሞትም ይችላል የሚለውንም።

ሥዕሉን አየች፣ እኔን አየች። «ውሸት ነው። ደስ ብሏት ነው የተኛችው።»

«አይደለም፣ ልጄ። ታማ ነው።»

«ታዲያ ለምን ፈገግ ትላለች?»

«እኔ ነኝ እንደዚያ አድርገህ ሣላት ያልኩት።»

«ለምን?»

«ልጆች እንዳይፈሩ። አንቺ እንዳትፈሪ።»

አሰበች። «እኔ እኮ አልፈራሁም» አለችኝ፣ ኮራ ብላ።

ከዚያ ሆዷን በእጇ ያዘች፣ ቀስ ብላም ጎንበስ አለች። እኔም ሐኪሟን እየጠራሁ ወደ ኮሪደሩ ሮጥኩ።