የፖስታ ቤቱ ኃላፊ ጠበቃ

ልብስ ሰፊው ውሸታም አይባልም። «ቅዳሜ ይደርሳል» ማለት በሙያው ዘንድ እንደ ሰላምታ ነው፤ የሚለውም የሚሰማውም አያምንበትም። የፋርማሲስቷ ካፖርት ጉዳይ ግን ከዚህ ያልፋል። ካፖርቱ ካለቀ ድፍን አምስት ሳምንት ሆኖታል። ገበሩ ገብቶ፣ ቁልፉ ተተክሎ፣ ተተኩሶ ከመጋረጃው ጀርባ ተሰቅሏል። ባለካፖርቷ በየቅዳሜው ትመጣለች፤ እሱም ዓይኑን መርፌው ላይ ተክሎ «እጅጌው ትንሽ ቀርቶታል» ይላታል። ወዷታል፣ ሌላ ምን ይሆናል! ካፖርቱን ከወሰደች ደግሞ ዳግመኛ የምትመጣበት ምክንያት አልታይ አለው።

«እግዜር ያያል» ትለዋለች ታላቅ እህቱ። ከጎኑ ቁጭ ብላ ቁልፍ የምትተክለው እሷ ናት፤ ምስጢሩን የምታውቀውም እሷ ብቻ ናት።

እርግጥ ፋርማሲስቷ እንደመጣች ተመልሳ አትሄድም። ቅዳሜ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ሱቁ ውስጥ ሬዲዮ ይከፈታል፣ የሰፈሩ ሰዎች በተሰበሰቡበት ተከታታይ ድራማው ይደመጣል፣ ከዚያ ክርክሩ ይጀመራል። ጡረታ የወጡት ርዕሰ መምህር፣ ሁሉም ጋሼ የሚሏቸው፣ ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር አላቸው። እዚያ ላይ የሚጻፈው ፍጹም ክፉ የሆነ የድራማ ሰው ብቻ ነው። መግባቱ ደግሞ ቀልድ አይደለም፤ በሦስት ዓመት ውስጥ የገቡት ሁለት ናቸው። የመንደሩን የውኃ ጉድጓድ የመረዘው ሰውዬ እንኳ «እናቱ አልወደደችውም» ተብሎ አመለጠ። ከአድማጮቹ አንዱ የሆነው ታክሲ ነጂ በዚያ ፍርድ እስከ ዛሬ እንደተቃጠለ ነው።

ሕጋቸው አንድ ነው፤ ጠበቃ ያልቆመለት አይፈረድበትም። ጠበቃው የሚለየው በዕጣ ሲሆን ዕጣው የሚወጣው ከቁልፍ ማስቀመጫው ቆርቆሮ ነው። ዕጣው የወጣበት ሰው፣ ተከሳሹ ቢያንገሸግሸውም፣ ከልቡ ይከራከራል። ለይስሙላ የተከራከረ አንድ ወር ሙሉ ሬዲዮውን ከውጭ ቆሞ ይሰማል።

የዛሬው ተከሳሽ በድራማው ውስጥ ያለው የፖስታ ቤት ኃላፊ ነው። ለሥራ ሩቅ አገር የሄደ ባል ለሚስቱ የሚጽፈውን ደብዳቤ ሁሉ ሰባት ዓመት መሳቢያው ውስጥ ሲቆልፍ ኖሯል። ሴትየዋ «ባሌ ረሳኝ» ብላ እሱን እንድታገባው ነው።

«ይሄ ምን ክርክር ያስፈልገዋል? ይጻፍና እንገላገል» አለች ፋርማሲስቷ። አለችና አስነጠሳት። በስስ ሹራብ ነው የመጣችው፤ ውጭ ደግሞ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። «ለሰው ሁሉ መድኃኒት እየሰጠሁ እኔን ጉንፋን አልለቀቀኝም» ስትል ልብስ ሰፊው አንገቱን ደፋ።

ቆርቆሮው ተነቀነቀ። ዕጣው ለልብስ ሰፊው ወጣ።

«ዕጣም ሰው ያውቃል» አለች እህቱ፣ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች።

አለባብሶ ማለፍ ይችል ነበር። ነገር ግን ደንበኛውን ስላልወደደው ኮቱን አጣሞ የሚሰፋ ሰው አይደለም። ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ተነሣ።

«ሰውየው መታት? አልመታትም። አስራባት? ልጆቿን ትምህርት ቤት ያስገባው እሱ ነው። ባልየውስ፣ እጁ ሲጽፍ እግሩ ታስሮ ነበር? ሰባት ዓመት መልስ ያጣ ሰው ተሳፍሮ አይመጣም? ደብዳቤውን ያስቀረው ኃላፊው ነው፤ ባልየውን ራሱን ያስቀረው ማን ነው? ይሄ ሰው ፈሪ ነው፣ በቃ። እወድሻለሁ ማለት አቅቶት በመስኮት ሲያጮልቅ የኖረ ፈሪ። ፍርሃት ደግሞ በጋሼ ደብተር አይጻፍም!»

የመጨረሻውን ሲናገር ድምፁ ተንቀጠቀጠ። ሰው ሁሉ የጠበቃ ብልሃት መሰለው።

«እውነት ነው፣ ባልየው መምጣት ነበረበት» አለ ታክሲ ነጂው። ጋሼ ብዕራቸውን ከደኑ። ፋርማሲስቷ እንኳ «ይጻፍ» ብላ ያነሣችውን እጇን ቀስ ብላ አወረደች።

«መልስ አጣሁለት። ልቤ ግን እሺ አላለኝም» አለች አፍንጫዋን እየጠረገች።

«እንግዲህ በነጻ ሊለቀቅ ነው። ለደንቡ ያህል ጠበቃውም ድምፅ ይስጥ» አሉ ጋሼ።

ልብስ ሰፊው አያት። አፍንጫዋ ቀልቷል። አሸንፏል፤ ዝም ካለ በሚቀጥለው ቅዳሜም ትመጣለች። ዝም ማለት ግን አልሆነለትም። ጥገናው የት ጋ እንደተደበቀ ከሰፊው በላይ ማን ያውቃል?

«ይጻፍ» አለ።

«ማን?» አሉ ጋሼ።

«ኃላፊው ነዋ። አንድ ነገር ዘልዬባችኋለሁ። በአራተኛው ዓመት ሴትየዋ ተስፋ ቆርጣ ‹ከእንግዲህ አልመጣም› ብላው ነበር። ‹የሚቀጥለው ሳምንት ደብዳቤ ሳይመጣልሽ አይቀርም፣ ብቅ በይ› ያላት እሱ ነው። ለምን? መስኮቱ ጋ ቆማ ሊያያት! መደበቁን ፍርሃት ነው ብዬ ተከራከርኩለት። በተስፋዋ ማመላለሱን ግን ምን ልበለው? መልስ ስላልነበረኝ ነው የዘለልኩት።»

ልብስ ሰፊው መጋረጃውን ገልጦ ካፖርቱን አወጣና ፊቷ ዘረጋው። አፍሯል፣ ፈርቷልም።

«ካለቀ አምስት ሳምንቱ ነው» አላት። «እጅጌው ምንም አልቀረውም። እንድትመጪ ብዬ ነው።»

«ተመስገን! እኔም ተገላገልኩ» አለች እህቱ።

ጋሼ የኃላፊውን ነገር ጽፈው ጨረሱና ከመነጽራቸው በላይ ልብስ ሰፊውን አዩት። «ከሥሩ ሌላ መስመር ልክፈት እንዴ?»

ፋርማሲስቷ ካፖርቱን ለበሰችው። ልክክ አለላት። ቁልፎቹን እስከ አንገቷ ድረስ ቆለፈች። መቆጣትስ የምር ተቆጥታለች።

«አምስት ሳምንት! በዚህ ብርድ! ሰው ‹ሻይ እንጠጣ› ብሎ አይጠይቅም?»

ልብስ ሰፊው መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። እሷ በሩ ጋ ደርሳ ዘወር አለች።

«ጋሼ፣ እሱን አሁን እንዳይጽፉት። ጠበቃ ያልቆመለት አይፈረድበትም አይደል ሕጉ?»

«ነው ልጄ። ዕጣ እናውጣለት?»

«ዕጣ አያስፈልግም። ቅዳሜ መጥቼ እኔው እቆምለታለሁ።»

የልብስ ሰፊው ፊት በአንዴ በራ።

«አንተ ደግሞ ምን ያስቅሃል?» አለችው። «እከራከርልሃለሁ አልኩ እንጂ አስፈታሃለሁ አላልኩም።»