የደገፉ ዘንባባ

ቦሼ ዘንባባ ስታጠጣ ያየ የሁምቦ ቆላ ሰው አንድ ቃል ሳይወረውር አያልፍም ነበር። «ለጉሮሮ ያልበቃ ውሃ ለእንጨት!» ይላሉ። ይበሉ እንጂ፣ እሷ መች ሰምታቸው! በዚያ በጋ ወንዙ ደርቆ አሸዋ ካልተጫረ ውሃ አይገኝም። እሷ ግን ፀሐይ ሳይበረታ ሁለት እንስራ ታመላልሳለች፤ አንዱ ለቤት፣ አንዱ ለዘንባባው።

ዘንባባውን የተከለው አንድያ ልጇ ደገፉ ነው። ለመንገድ ሥራ ሄዶ ሲመለስ ከአባያ ሐይቅ ዳር ችግኙን በጨርቅ ጠቅልሎ አመጣ፤ በዓመቱ ወባ ገደለው። ሚስት አላገባ፣ ልጅ አልወለደ። ከእሱ የቀረ ቢባል ይኸው ዛፍ ነው። በተተከለ በስድስተኛው ዓመት የቅጠሉ ዳር ዳር ቢጫ ሆነ። ይኼም ከሄደ ምን ሊቀር ነው?

ቦሼ የሶዶ ደጋ ልጅ ናት። እንሰት እንዴት እንደሚበዛ ከልጅነቷ ጀምሮ በእናቷ ጓሮ አይታለች፤ ግንዱ ይቆረጣል፣ ልቡ ይወጣል፣ ጉድጓዱ በፍግ ይሞላል፣ ከዚያ ዙሪያውን ቡቃያ ይፈላል። እጇ ይህን አሳምሮ ያውቃል፤ ያሳሳታትም እሱ ነው። አንድ እሑድ ከጸሎት ቤት እንደተመለሰች ቢላዋዋን ስላ ወጣች። ዘንባባው ገና ከትከሻዋ አልበለጠም። ያልተፈታውን ነጭ ቅጠል ከነልቡ ፈልፍላ አወጣች፣ ፍግ ሞላችበት። «በል እንግዲህ፣ ውለድ» አለችው።

ሁለት ወር ጠበቀች። አንድም ቡቃያ አልወጣም። ቆላ ተወልዶ ቆላ ያረጀው ጎረቤቷ ኤርካሎ መጣና ጎንበስ ብሎ የዛፉን መሃል አየ።

«ቦሼ እህቴ፣ ምን ነካሽ?»

«እንዲወልድ ብዬ ነው። እንሰት እንዲህ ነው የሚደረገው።»

«ይሄ እንሰት አይደለም። ይሄኛው የዘንባባ ዓይነት ከሥሩ አይወልድም። ያለው ልብ ያው አንድ ነው፣ እሱንም አወጣሽው።»

ቦሼ መሬት ላይ ቁጭ አለች። አላለቀሰችም። በገዛ እጄ ገደልሁት ብላ አሰበች።

«የታችኞቹ ቅጠሎች አረንጓዴ ናቸው» አለች እየዳሰሰቻቸው።

«እነሱ እስኪደርቁ ይቆማል፤ ምናልባት እስከ ክረምት። አልቆለታል እህቴ፣ ከእንግዲህ ባትደክሚ ይሻላል።»

ተነሥታ እንስራዋን አዘለች።

«ደገፉንም አልቆለታል ብላችሁኝ ነበር» አለችው። «ያኔስ ውሃ ከለከልሁት?»

መልስ ሳትጠብቅ ወደ ወንዙ ወረደች።