ወደ ጭቃው የዞረው ጋዜጣ

«ስም ስጪኝ፣ ባንቺዓለም። ነገ ሣልስት ነው፤ እናትሽን የማን ልጅ ብዬ ላልቅሳት?»

እትዬ ሽታዬ ይህን የተናገሩት የባቄላ ንፍሮ ከመዳፋቸው እያነሱ ነበር። በአሸተን ማርያም ግርጌ ባሉት መንደሮች ከእርሳቸው የሚስተካከል ሙሾ አውራጅ የለም። ሟችን እስከ ሰባት ቤት አባቱ እየጠሩ የደረቀ ዓይን ያረጥባሉ። ትናንት በቀብሩ ላይ ግን የባንቺዓለምን እናት የገለቴን አባት ስም ከሚጠሩበት ስፍራ ሲደርሱ፣ ወንዝ እንደ ሞላበት መንገደኛ ቀጥ ብለው ቀሩ።

«እኔም አላውቀው፣ እትዬ። በጠየቅኋት ቁጥር ‹መንገድ ላይ ነው የተወለድሁት› ነበር መልሷ።»

«መንገድ ልጅ አይወልድም!»

ከድንኳኑ ጥግ አንዲት ሴት ወደ ጎረቤቷ ጠጋ ብላ፣ «የአዝማሪ ሚስት ደግሞ ምን ዘር አላት?» ስትል ተሰማች። ሽታዬ አንገታቸውን ሳያዞሩ መለሱላት።

«አንቺ ስትሞቺ የአባትሽን ስም ትቼ፣ ሐሜትሽን ብቻ እየጠራሁ ሦስት ቀን አስለቅሳለሁ!»

ሴቶቹ ሳቃቸውን ለመሸሸግ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። ባንቺዓለም አልሳቀችም። መርዶ የሚነገረው ወገን የሌለው ሟች፣ ለእርሷ ግማሹ ብቻ እንደ ተቀበረ ሰው ነበር። ተነሥታ ወደ ቤት ገባች።

አባቷ ደሳለ መደቡ ላይ ብቻውን ተቀምጦ ነበር። ከራሱ በላይ፣ ከምስማሩ ላይ ማስንቆው ተሰቅሏል። ከአምሳ ዓመት በላይ በላስታ ሠርግ ሁሉ እርሱ ሲመታ ገለቴ ስታዜም ኖረዋል። የአንዳቸው ስም ያለ ሌላው ተጠርቶ አያውቅም።

የቤቱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ጋዜጣ ለብሷል። ገና በደረሰ ቁጥር ገለቴ የዱቄት ሙጫ ታማስልና፣ ከትምህርት ቤት የለመነችውን አሮጌ ጋዜጣ በአሮጌው ላይ ትለጥፋለች። ራሷ ፊደል አልቆጠረችም። ልጇን ግን ከግድግዳው ፊት አቁማ፣ «በይ አንብቢልኝ» ትላት ነበር። የማዳበሪያውን ዜናም፣ የኳስ ጨዋታውንም እንደ ወንጌል ቆማ ታደምጣለች። ባንቺዓለም ዛሬ መምህርት የሆነችው በዚያ ግድግዳ ላይ ነው። አንድ ቀን ብቻ፣ ከማስንቆው በስተጀርባ ያለውን ጥግ ልትነካ ስትል እናቷ እጇን በጥፊ መታቻት። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ መትታት አታውቅም። «ይህ አይነበብም» አለቻት።

«አባዬ፣ እማዬ የማን ልጅ ናት?»

«የአባቷን ስም በአንደበቴ እንዳልጠራ በገብርኤል አስምላኛለች።»

«ነገ ሰው ሁሉ ፊት ያለ አባት ሊያለቅሷት ነው እኮ!»

ሽማግሌው ጉልበቱን ተመርኩዞ ተነሣ፣ ማስንቆውን ከምስማሩ አወረደ፣ በደጋኑም ጫፍ ማስንቆው ተሰቅሎበት የነበረውን ግድግዳ ሁለት ጊዜ ነካ።

«በአንደበቴ አልሁ እንጂ በደጋኔ አላልሁም።»

ባንቺዓለም ለብ ያለ ውኃና ጨርቅ አመጣች። እያረጠበች ትልጥ ጀመር፤ ዘመኑም በጣቶቿ ሥር ወደ ኋላ ሄደ። እርሷ የተዳረችበት ዓመት ተነሣ። ሠርግ ጠፍቶ ማስንቆው ድምፁን ያላሰማበት የሰባ ሰባቱ ድርቅ ተነሣ። ከእርሱ ሥር አንድ ፎቶግራፍ ብቅ አለ። ከላዩ «ወልድያን ያስደሰቱ ባልና ሚስት» ይላል። እናቷ የዐሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ናት፤ አፏ በዜማ መሐል ተከፍቷል። ደሳለ የሚመለከተው የማስንቆውን ጭራ ሳይሆን እርሷን ነው። ከሥሩም «ገለቴ አረጋ፣ የኮን ተወላጅ» ተብሎ ተጽፏል።

«አረጋ» አለች ባንቺዓለም ቀስ ብላ። ደሳለ ራሱን ነቀነቀ።

«ከሥሩ ሌላ አለ» አለ። «ይዣት ከጠፋሁ በሁለተኛው ዓመት፣ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር አመጣልን። ‹የአባትሽ ቃል ታትሟል› አላት። የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ልጅ ናት፤ አዝማሪ ላገባች ልጅ ምን ቃል እንደሚወጣ ታውቃለች። ግዝት ነው ብላ ፈራች። ‹ካልሰማሁት አይዘኝም› አለችና ፊቱን ወደ ጭቃው አዙራ ለጠፈችው፤ ቀድሞ የወጣውን ሥዕላችንንም በላዩ ደረበችበት።»

«ለምን አላቃጠለችውም?»

«የአባት ቃል ይቃጠላል እንዴ?»

የመጨረሻው ጋዜጣ ጭቃውን ይዞ ተላቀቀ። ባንቺዓለም ገልብጣ በጨርቁ አበሰችው። በልጅነቷ የቀመሰችው ጥፊ ዛሬም እጇ ላይ ነበረ።

«ላንብበው?»

«አንብቢ። እርሷን ከእንግዲህ ግዝት አያገኛት። የሚይዝ ከሆነም እኔን ይያዘኝ።»

ማስታወቂያው ከአንድ ጣት የማይረዝም ነበር።

«ከኮን፣ ከመሪጌታ አረጋ። ልጄ ገለቴ ሆይ፤ ሥዕልሽን በጋዜጣ አየሁ። በቁጣ የተናገርሁብሽን ቃል ፈትቻለሁ። እናትሽ ደጅ ደጅ ታያለች። ነዪ። ባልሽም ማስንቆውን ይዞ ይምጣ፤ ዳዊትም ባለ በገና ነበረ።»

ደሳለ በእጁ መደቡን ዳበሰ፤ በገለቴ በኩል ያለውን።

«ራሷን እኮ በዚህ ግድግዳ ሥር አድርጋ ነበር የምትተኛው» አለ። «አምሳ ሦስት ዓመት።»

በማግስቱ፣ በሣልስቱ፣ እትዬ ሽታዬ ደረታቸውን እየደቁ ከድንኳኑ መካከል ቆሙ።

«የመሪጌታ ልጅ ከኮን የመጣሽው፣
ግድግዳሽ ላይ ኖሮ ይቅርታ ያጣሽው!»

ድንኳኑ በዋይታ ተናጠ። ትናንት በሹክሹክታ ያማችው ሴት ከሁሉ አብልጣ አለቀሰች። ባንቺዓለም እንባዋን እየጠረገች አባቷን ብትፈልገው ከቦታው አጣችው።

ቤት ውስጥ አገኘችው። ጫማውን አድርጓል፤ ማስንቆው ጉልበቱ ላይ ነው።

«አባዬ፣ ሰው ሊያጽናናዎት እየመጣ ወዴት ነው?»

«ኮን። ወንድም ይኑራት፣ የወንድም ልጅ ይኑራት፣ ያለው መርዶዋን ይረዳ።»

«መርዶውን ሌላ ሰው ይንገር እንጂ! በዚህ ዕድሜዎ፣ በዚህ መንገድ?»

«የተጠራሁት እኔ ነኝ» አለ። «እስከ ዛሬም ዘግይቻለሁ።»

«ማስንቆውንስ በሐዘን ቀን…»

«ይዞ ይምጣ አላለም?»

የገለቴን ነጠላ ከራስጌው አነሣ። ማስንቆውን እንደ ሕፃን ጠቀለለው። ከዚያ የረሳው ነገር እንዳለ ሁሉ እንደ ገና ፈታውና፣ ጥለቱን እንደ ኀዘንተኛ ወደ ላይ መልሶ በማስንቆው አንገት ላይ ቀስ አድርጎ አሰረው።